ኤች ኦ ወይስ ኤን? ለትንሽ ሰሌዳ የሚሆነውን የሞዴል ባቡር መምረጥ

ሎኮሞቲቩን ከመምረጥዎ በፊት ቦታውን ይለኩ። ቤት ውስጥ የሞዴል ባቡር መሥመር ለመዘርጋት የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከወደደው ባቡር ነው፤ እኔም እንዲሁ ነበር የጀመርኩት። ርዝመቱ 120 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሰሌዳ ላይ ኤች ኦ የሚባለውን መጠን ዘረጋሁ። አራት የመንገደኛ ፉርጎዎች ስቀጥልበት ባቡሩ የገዛ ጭራውን የሚያባርር መሰለ፤ ከጣቢያው ወጥቶ ሳያበቃ ተመልሶ ይገባል። ጥቂት ወራት ታግሼ ሁሉንም ነቀልኩና ከእሱ በሚያንሰው መጠን፣ በኤን ተካሁት።

ልዩነቱን በአንድ ፉርጎ እንየው። 26.4 ሜትር የሚረዝም የአውሮፓ የመንገደኛ ፉርጎ ከእውነተኛው 87 ጊዜ በሚያንሰው ኤች ኦ 30 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 160 ጊዜ በሚያንሰው ኤን 16.5፣ 220 ጊዜ በሚያንሰው ዜድ ደግሞ 12 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ሎኮሞቲቭና አራት ፉርጎዎች ሲቀጣጠሉ በኤች ኦ 140፣ በኤን 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይይዛሉ። የኤች ኦ አምራቾችም ችግሩን ያውቁታል፤ ብዙ ረጃጅም ፉርጎዎች ከትክክለኛው ልክ አጥረው የሚሠሩት በጠባብ ኩርባ እንዲዞሩ ተብሎ ነው።

ነገሩን ሁሉ የሚወስነው ይህ ኩርባ ነው። በአውሮፓ የኤች ኦ ጀማሪ ስብስቦች የተለመደው ጠባብ ኩርባ ራዲየሱ 36 ሳንቲ ሜትር ነው። ባቡሩ ለመዞር ብቻ 72 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል፤ በየዳሩ የሚተወው ሲጨመር የሰሌዳው ወርድ ከ85 ባያንስ ይሻላል። በአሜሪካ ስብስቦች ራዲየሱ 45.7 ስለሆነ ወርዱ ከአንድ ሜትር ያልፋል። በኤን ግን የጃፓኑ አምራች ካቶ የሚሠራው ዩኒትራክ የተባለው ሐዲድ 24.9 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ያለው ኩርባ አለው። በዚያ ኩርባ 60 በ120 የሆነ ሰሌዳ ሞላላ መሥመር፣ ሁለት የመሥመር መቀየሪያዎች፣ አንድ ጣቢያና ትንሽ ኮረብታ ይይዛል።

አንዱን መሥመር በሌላው ላይ በድልድይ ማሳለፍ ብዙዎችን ያጓጓል። በኤች ኦ ሐዲዱ ቢያንስ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ በየሜትሩ 3 ሳንቲ ሜትር በሚወጣ ዳገት ይህ ብቻ 2.7 ሜትር ይወስዳል፤ መውረጃውም ያንኑ ያህል። በትንሽ ሰሌዳ ላይ ይህን አይሞክሩት። ሐዲዱን ደልዳላ ያድርጉና ከሥሩ ያለውን መሬት ይቆፍሩት፤ ከኮምፔንሳቶ በላይ ወፍራም ፎም ካነጠፉ ሸለቆው በቢላዋ ይወጣል፣ ድልድዩም ቦታውን ያገኛል።

ኤን ግን በሁሉም ይበልጣል ማለቴ አይደለም። ሎኮሞቲቩ ቀላል ስለሆነ ሐዲዱ ላይ ትንሽ አቧራ ካለ ይቆማል፤ ስለዚህ በየጊዜው መጥረግ ግድ ነው። ፉርጎ ከሐዲድ ሲወጣ መልሶ ማስቀመጥም የጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ኤች ኦ ክብደት አለው፣ ኤሌክትሪክ በደንብ ይቀበላል፣ ለድምፅ ማጉያ የሚበቃ ሆድ አለው፤ የምርት ዓይነቱም ከሁሉም ይበዛል። ልጆች አብረውዎት የሚጫወቱ ከሆነ፣ ወይም ደቃቅ ነገር ማየት ዐይንዎን የሚያደክመው ከሆነ፣ ሳያመነቱ ኤች ኦን ይውሰዱና አጫጭር የጭነት ፉርጎዎችን ይምረጡ። 120 ጊዜ የሚያንሰው ቲ ቲ በመካከላቸው ነው፤ መጠኑ ደስ ይላል፣ ምርጫው ግን ጠባብ ነው። የጀርመኑ አምራች ማርክሊን በ1972 ያወጣው ዜድ ልምድ ላለው ሰው ይሁን። ከኤች ኦ የሚተልቁት ኦ እና ጂ ለትንሽ ሰሌዳ አይሆኑም።

ሐዲዱን በተመለከተ የጠጠር መደብ አብሮት የተሠራው ለጀማሪ የተሻለ ነው፤ ገጥመው ካልወደዱት ፈትተው እንደገና ይገጥሙታል። እንደ ልብ የሚታጠፈው ረጅም ሐዲድ የበለጠ ያምራል፣ ነገር ግን መቁረጥና በብየዳ ማያያዝ መቻልን ይጠይቃል። የትኛውንም ቢገዙ ከነሐስ ይልቅ ኒኬል ሲልቨር የተባለውን ይምረጡ፤ በስሙ ብር ቢኖርም የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው፣ እንደ ነሐስም ቶሎ አይበላሽም። የማርክሊን ኤች ኦ ሐዲድ በመሐሉ ኤሌክትሪክ የሚሰጡ ጉጦች አሉት። ባቡሩ ዞሮ በመጣበት መሥመር ሲመለስ ኤሌክትሪክ በሁለቱ ሐዲዶች ብቻ በሚመጣበት በሌላው አሠራር የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ግጭት በዚህ የለም። ሆኖም የማርክሊን ፉርጎዎች ጎማቸው ሳይቀየር በሌላው ሐዲድ ላይ አይሄዱም፤ አንዴ ከገቡበት መውጣቱ ወጪ አለው።

የቀረው መቆጣጠሪያው ነው። አናሎጉ ለሐዲዱ የሚሰጠውን ቮልት ከፍና ዝቅ በማድረግ ባቡሩን ያፈጥናል፤ አንድ ባቡር ብቻ ከነዱ ይበቃዎታል። ዲጂታሉ ኤሌክትሪኩን ሁልጊዜ ሐዲዱ ላይ ያኖራል፤ በእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ያለው ዲኮደር የተባለ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል የራሱን ትእዛዝ ብቻ ለይቶ ይፈጽማል። ሁለት ሎኮሞቲቮችን በአንድ ሐዲድ ላይ ለየብቻ መንዳት ከፈለጉ ዲጂታሉ ዋጋው ይገባዋል። ዛሬ በአናሎግ ቢጀምሩም የዲኮደር መሰኪያ ያለውን ሎኮሞቲቭ ይግዙ፤ በተለይ በኤን አሮጌ ሎኮሞቲቮች መሰኪያው ስለማይኖር ኋላ ሆድ ቀዶ ሽቦ መበየድ ይመጣል።

የጀማሪ ስብስብ ሲገዙም ሣጥኑ ላይ ሁለት ነገር ያንብቡ፤ የኩርባውን ራዲየስና የመቆጣጠሪያውን ዓይነት። ከዚያ ራዲየሱን በእጥፍ ይለኩና ወርዱ ያንን የሚያህል ክብ ወረቀት ቆርጠው ቤትዎ ካለው ሰሌዳ ላይ ያስቀምጡት።