«ትረግጫለሽ» ያለኝ ሰውዬ

ትናንት ማታ ነው የገባሁት። ሻንጣዬን እንኳን አልፈታሁም። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

ሰውየውን ታውቁታላችሁ። ስሙን አልጠራም፣ ግን ታውቁታላችሁ። የአዲስ አበባ ትኬት የሚቆርጥልን፣ ሁሉንም «እህቴ»፣ «ወንድሜ» የሚል፣ ቴሌግራም ላይ «ሁለት ቦታ ብቻ ቀረ!» እያለ የሚለጥፍ፣ ካርድ የማይቀበል። ከቨርጂኒያ እስከ ሚኒሶታ ሞልተዋል። ይሄኛው ዱባይ ሲሸጥ ከርሞ ዘንድሮ አንታርክቲካ ጀመረ።

50 ዓመት ሲሞላኝ ሰው የማይኖርበትን በረዶ ልርገጥ ብዬ ነው የተነሳሁት። መርገጥ ብቻ፣ ሌላ ምኞት አልነበረኝም። ሰውየው ፔንግዊን አጠገብ የቆመች ሴት ፎቶ ላከልኝና «ኤክስፔዲሽን ነው እህቴ፣ ወርደው የሚረግጡበት ጉዞ፣ አንቺም እንዲህ ትረግጫለሽ» አለኝ። 7,400 ዶላር በዜል፣ በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ በሚላከው፣ ላኩ። የስንት ሌሊት ደብል ሺፍት እንደሆነ ነርሲንግ ሆም የሠራች ታውቀዋለች። ደረሰኙ ላይ ግን ኤክስፔዲሽን የሚል የለም። «ሲኒክ ክሩዚንግ» ነው የሚለው። ውብ ጉዞ ማለት መስሎኝ ለታናሽ እህቴ በስልክ አነበብኩላት። ደስ ብሎኝ!

ቦነስ አይረስ ወደብ ላይ መርከቡን ሳየው መንቃት ነበረብኝ። ፎቅ በፎቅ ላይ። ካዚኖ አለው፣ መዋኛ አለው፣ ከ2,000 በላይ ሰው ጭኗል። እኔ ሞኟ «ከፎቶው ይበልጣል» አልኩ። የአርጀንቲናን ደቡብ ጫፍ ከተማ ኡሽዋያን አልፈን ድሬክ ፓሴጅ፣ ወደ አንታርክቲካ የሚያሻግረው ባሕር፣ ስንገባ አንጀቴ እስኪገለበጥ አስመለሰኝ። ሁለት ቀን። እሱንም ቻልኩት፣ ልረግጥ ነዋ።

አንታርክቲካ ያለው ባሕረ ሰላጤ፣ ፓራዳይዝ ቤይ፣ የምንደርስበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዚያ ወቅት እዚያ ሌሊቱም በደንብ አይጨልም። ተነስቼ ለበስኩ። ውሃ የማያስገባ ሱሪ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦት፣ ሁለቱንም ከቤት ገዝቼ ያመጣሁት። እንግዳ መቀበያው ጋ ሰው ቁርሱን በልቶ በነጠላ ጫማ ይመላለሳል። እኔ በቦቴ እየተንገዳገድኩ ደረስኩና «ወደ ጎማ ጀልባው የሚወረደው በየትኛው ፎቅ ነው?» አልኩ።

ልጅቷ ቦቴን አየችው። ቀና ብላ ፊቴን አየች። ከዚያ ወደ ጓደኛዋ ዞር ብላ «ይኸው ሌላ መጣች» አለቻት። አልሳቁም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ለሕፃን እንደሚያስረዱ አስረዳችኝ። ከ500 በላይ ተሳፋሪ የያዘ መርከብ አንታርክቲካ ላይ አንድም ሰው አያወርድም። የአንታርክቲካ አስጎብኚዎች ማኅበር ደንብ ነው። ትንንሾቹ እንኳን አንድ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ ከ100 ሰው በላይ አያወርዱም። ሲኒክ ክሩዚንግ ማለት ሳይወርዱ እያዩ ማለፍ ነው። «የሸጠልሽ ሰው አልነገረሽም?» አለችኝና መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

ወደ ላይ ወጥቼ ብረቱን ተደገፍኩ፣ ቦቴን እንዳደረግኩ። ማዶ አንዲት ትንሽ መርከብ ቆማለች። ቀይ ጃኬት የለበሱ ሰዎች ከጎማ ጀልባ እየወረዱ ዳርቻውን ይረግጣሉ። ፔንግዊኖቹ ለእኔ ጥቁር ነጠብጣብ ናቸው። ሽታቸው ግን ደረሰኝ። የዶሮ ቤትና የከረመ ዓሣ ቀላቅላችሁ አስቡት። አጠገቤ የቆሙ ጀርመናዊ አዛውንት ስንት እንደከፈልኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እሳቸው እንደኔው መስኮት ለሌለው ክፍል 2,300 ነው የከፈሉት። ዝም ብለው መነጽራቸውን አዋሱኝ፣ የሩቁን የሚያሳየውን።

በመርከቡ ዋይፋይ፣ እሱም በገንዘብ ነው፣ ለሰውየው ጻፍኩለት። መልሱ ይኸውላችሁ፦ «እህቴ፣ አንታርክቲካን አየሽ አላየሽም?» ከዚያ ብሎክ አደረገኝ። መልስ አጣሁለት እኮ፣ እሱ ነው ይበልጥ ያበሸቀኝ። አይቻለሁ!

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ መርከቡ ስንት ሰው እንደሚጭን ጠይቁ፤ ሰው ያወርዳል ወይ የሚለውን በጽሑፍ አስመልሱ። በካርድ ካልሆነ አትክፈሉ።

ቦቱ ቁጥር 39 ነው፣ ጭቃ አልነካውም። የምትፈልግ ካለች በውስጥ መስመር ታናግረኝ።