ቲንክፓድ ቲ430 ከ14 ወር በኋላ፦ ሦስት ባትሪ የበላ ላፕቶፕ

ላፕቶፑ አሮጌ ነው። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ430፣ በፈረንጆች 2012 የወጣ፣ ፕሮሰሰሩ ሦስተኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ5። የዛሬ 14 ወር ከአንድ ወዳጄ ነው የገዛሁት። "ስክሪኑ ደህና ነው፣ ሌላውን አንተ ታውቃለህ" ብሎ ሰጠኝ። ሌላው ማለት ለካ ባትሪው፣ ኪቦርዱ፣ ፋኑና ቻርጀሩ ኖሯል።

ለምን አዲስ አትገዛም የሚለኝ አይጠፋም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ቀን መገናኛ ወጥቶ የላፕቶፕ ዋጋ የጠየቀ ሰው ግን እንዲህ አይለኝም። ሥራዬ ደግሞ የሱቅ ሒሳብ መያዝ ነው። ሰንጠረዥና ትንሽ ጽሑፍ። ለዚህ ምን ያንሰዋል?

ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ዲዲአር3 የሚባለው ዓይነት ነው፣ እስከ 16 ጊጋ ይወስዳል፣ ዲዲአር3ኤል የሚባለውንም ይቀበላል። ከእሱ በኋላ የመጣው ዲዲአር4 አይገባም፤ ጥርሱ ሌላ ቦታ ነው የተቆረጠው፣ በግድ እንዳትገፉት። ሀርድ ዲስኩን አውጥቼ 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሳታ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ፣ ከተትኩበት፤ ያን ቀን ነፍስ ዘራ። ቻርጀሩ 20 ቮልት ሆኖ ጫፉ ክብ፣ መሃሉ ላይ መርፌ ያለው ነው። ቲ440 እና ቀጥለውት የመጡት ጫፋቸው አራት ማዕዘን ስለሆነ ዝም ብሎ "የሌኖቮ ቻርጀር አለ?" ማለት አያዋጣም።

ኪቦርዱ ሁለት ሳምንት አዞረኝ። የገባሁበት ሁሉ "የቲ430 የለም" ይላል። እነሱም አልዋሹም፣ እኔም የምጠይቀውን አላወቅኩም ነበር። የዚያ ትውልድ ኪቦርድ ቲ430፣ ቲ530 እና ኤክስ230 ላይ አንድ ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ማዘርቦርዱ ከሞተ ኤክስ230 ላይ በአንድ ቀን አገኘሁ። የዓረብኛ ፊደል ታትሞበታል፣ ዱባይን ዞሮ የመጣ መሆን አለበት። ካቻቢቴ የያዘ ሰው ራሱ ይቀይረዋል፤ ከሥር የኪቦርድ ምልክት ያለባቸውን ብሎኖች መፍታት ነው።

ፋኑ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ገጠመኝ። አንድ ሞዴል፣ ሁለት ዓይነት ፋን! የኢንቪዲያ ግራፊክስ ያለው ቲ430 ማቀዝቀዣ ከእኔው ይለያል፤ ጠጋኙ ያንን አምጥቶ ሊገጥም ሲታገል አይቼ ነው የነቃሁት።

አሁን ወደ ባትሪው። የመጀመሪያውን መርካቶ ገዛሁ። "ኦሪጂናል ነው ወንድሜ፣ ይኸው የራሱ ስቲከር" አለኝ ልጁ። ቤት አስገባሁት፣ ቀጭ ብሎ ገባ። ሳበራው ግን ገና ዊንዶውስ ሳይመጣ "ይህ ባትሪ በዚህ ማሽን አይሠራም፣ ቻርጅም አይሆንም" የሚል መልእክት ወጣ። ይዤው ተመለስኩ። ልጁ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ሰካው፣ ያለምንም ችግር ሠራ። ያ ላፕቶፕ ከእኔው አንድ ትውልድ የሚቀድመው ቲ420 ነበር። የሁለቱ ባትሪ ሲያዩት መንታ ይመስላል፤ ግን ከቲ430 ትውልድ ጀምሮ ማሽኑ የባትሪውን ማንነት ይጠይቃል፣ መልሱ ካልጣመው ቻርጅ አያደርግም። ስቲከሩ ለካ ልክ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። (የዋይፋይ ካርዱም እንደዚሁ ነው። ባዮሱ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ የማያውቀው ካርድ ከገባ 1802 የሚል ስህተት አውጥቶ አልነሳም ይላል። እሱን ትቼ በዩኤስቢ የሚሰካ ዋይፋይ ገዛሁ።)

ሁለተኛው ኮፒ ነበር። ማሽኑ ተቀበለው፣ እኔም ደስ አለኝ። አራት ወር ቆየ። ከዚያ 40 በመቶ እያሳየ ድርግም ማለት ጀመረ፤ አንዴ መብራት ሲጠፋ የወር መዝጊያ ሒሳቤን ይዞብኝ ሄደ።

ሦስተኛውን ስክሪኑ ከተሰበረ ቲ430 ላይ ነው የነቀልኩት። ያኔ ብልጥ ሆኛለሁ። ብር ከማውጣቴ በፊት የባትሪ ሪፖርቱን አሳየኝ አልኩት፤ ዊንዶውስ ራሱ ያወጣዋል። አዲስ ሳለ 57 ዋት ሰዓት ይይዝ የነበረው 41 ቀርቶታል። ይኸው ሰባተኛ ወሩ ነው፣ በእኔ ሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይቆይልኛል። ሳይነካ ካርቶን ውስጥ ከተቀመጠ "አዲስ ኦሪጂናል" ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ ሊትየም ባትሪ ተቀምጦም ያረጃል።

አሁን ገበያ ስወጣ የሞዴል ስም አልጠራም። አሮጌውን ዕቃ ነቅዬ በፌስታል ይዤ እሄዳለሁ፣ ስቲከሩ ላይ ያለውን የኤፍአርዩ ቁጥር (ሌኖቮ ለእያንዳንዱ መለዋወጫ የሚሰጠውን መለያ) በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ። የሌኖቮ የጥገና መመሪያ በነፃ ይወርዳል፤ የእያንዳንዱን ዕቃ ቁጥርና አፈታት ይዘረዝራል። አንዳንድ ሻጭ ቁጥር ስጠራበት ፊቱን ያጠቁራል፣ ግድ የለም።

ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 2018 ላይ ድጋፉ ሲያበቃ በዊንዶውስ ቦታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጫንኩበት፤ ዊንዶውስ 11 ይህን ዕድሜ በይፋ አይቀበልም። ከበፊቱ ፈጥኗል፣ ፋኑም ዝም ብሏል።

የቀረኝ የስክሪኑ ቀኝ ማጠፊያ ነው። ላልቷል፤ ስጽፍ ስክሪኑ ቀስ እያለ ወደኋላ ይተኛል፣ አሁንም መዝገበ ቃላት አስደግፌዋለሁ። የሞተ ቲ430 ቤቱ ያለው ሰው ካለ ቀኙን ብቻ እገዛለሁ። ግራውን ያስቀረው።