የመረሬ አፈር ግትርነት፦ በመዶሻ ምት ወይስ በሞገድ ፍጥነት?

በአዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ እንዳለው ባለ መረሬ (ጥቁር ሸክላ) አፈር ላይ መሠረት የሚነድፍ መሐንዲስ፣ መሬቱ በጭነት ምን ያህል እንደሚሰምጥ ለማወቅ የአፈሩን ግትርነት መገመት አለበት።

የተለመደው መንገድ ኤስፒቲ (መደበኛ የመውጋት ሙከራ) ነው። 63.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ፣ ናሙና መውሰጃውን የመጨረሻውን 30 ሴንቲ ሜትር ለማስገባት የፈጀው ምት ይቆጠራል። አፈሩን በእጅ ይዞ ማየት መቻሉ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ይሁን እንጂ ቁጥሩ አፈሩ ከተጣሰ በኋላ የሚገኝ በመሆኑ ወደ ግትርነት የሚለወጠው በልምድ ቀመር ብቻ ሲሆን፣ ይህም ለሸክላ አፈር ከአሸዋ ያነሰ አስተማማኝ ነው። በበጋ ደርቆ የተሰነጣጠቀ መረሬ ደግሞ ክረምት ላይ ከሚያስቆጥረው የበዛ ምት ሊያሳይ ይችላል።

የሴይስሚክ (የመሬት ንዝረት) ምርመራ በአንጻሩ መሬት ላይ በተደረደሩ ጂኦፎኖች (የንዝረት መቅጃዎች) የገጽ ሞገድን ቀድቶ የሸር ሞገድን፣ ማለትም አፈሩን ወደ ጎን እያናወጠ የሚያልፈውን ሞገድ፣ ፍጥነት ያሰላል። ፍጥነቱ በሰከንድ 150 ሜትር፣ የአፈሩ እፍጋት በሜትር ኩብ 1,800 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ እፍጋቱ በፍጥነቱ ስኩዌር ሲባዛ የሸር ሞዱለሱ (የአፈሩ ግትርነት መለኪያ) 40 ሜጋፓስካል ገደማ ይሆናል። ወጥመዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ይህ አፈሩ እጅግ በጥቂቱ ሲናወጥ ብቻ የሚታይ ከፍተኛው ግትርነት ነው፤ የሕንፃ ጭነት የሚያስከትለው የቅርጽ ለውጥ ግን ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ቁጥሩን ሳይቀንስ የተጠቀመ ሰው የመስመጡን መጠን አሳንሶ ይገምታል።

እኔ ለሸክላ አፈር ሞገዱን አስቀድማለሁ፤ ነገር ግን ሞገዱ የንብብሩን ዓይነት ስለማይናገር፣ ቢያንስ አንድ ጉድጓድ ሳይቆፈር አይደለም።