የተሰበረ የሞተሪኖ ብሎን ሐይቅ ላይ ለገጠመው፦ ኮምቦልቻ ያለው ቶርኖ ቤት

ወሎ ውስጥ የአይሱዙና የባጃጅ መካኒክ በየበሩ አለ። የጀልባ ሞተር ሲያዩ ግን ብዙዎቹ ይሸሻሉ። ሐይቅ ላይ ጀልባ ይዛችሁ የምትሠሩ ወንድሞቼ ይህን ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀርጽና የሚጠግን ቤት) ብታውቁት ይጠቅማችኋል።

የኔ ሞተር 40 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ከጀልባው ኋላ የሚንጠለጠለው ዓይነት። ቁልፉን ሳዞረው ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር) ግርርር ይልና ይቀራል። ባትሪው ደህና ነው። ሽፋኑን ስከፍተው ሞተሪኖው በእጅ ሲነካ ይወዛወዛል። ከያዙት ሁለት ብሎኖች አንዱ ተቆርጦ ጭራው ውስጥ ቀርቷል። ሞተሪኖው ዘንበል ሲል ጥርሱ የቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረውን ክብ ብረት) ጥርስ አይነክስም፤ ይፍቀዋል። በዚያ ላይ ሞተሪኖ ኔጋቲቩን የሚያገኘው በአካሉና በብሎኖቹ በኩል ነው፤ እነሱ ከላሉ ኤሌክትሪኩም ይደክማል። እንዲህ ሆኖ ደጋግሞ ማስነሳት ቮላኖውን መጨረስ ነው።

መጀመሪያ ያሳየሁት ጋራዥ «ሞተሪኖውን ከሞተሩ ጋር በብየዳ እንያዘው» አለኝ። ደሜ ፈላ። ነገ ሞተሪኖው ቢቃጠል በምን ሊፈታ ነው? ሞተሩን ጭኜ፣ ደሴን አልፌ፣ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ።

ቶርኖ ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ይላል፤ ታፔላ የለውም። ባለሙያው ትልቅ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው በባትሪ አዩትና «አብሽር፣ ይወጣል» አሉኝ። ግን ወዲያው መሣሪያ አላነሱም። የቤንዚን ቱቦው ተነቅሎ፣ ያለው ነዳጅ ተጠራርጎ እስኪወጣ ድረስ እሳት የሚባል ነገር አላስጠጉም። የሞተሩን የኤሌክትሪክ ሶኬቶችም ነቀሉ። ብየዳ የሞተሩን የኤሌክትሪክ ዕቃዎች እንደሚያቃጥል ያውቃሉ። እዚህ ጋ ነው ልቤ ያረፈው።

የተሰበረ ብሎን ማውጫ መሣሪያ አላቸው፤ አልተጠቀሙበትም። እሱ ጠንካራ ነው፣ ግን ይሰበራል። ውስጥ ከተሰበረ ደግሞ ተራ የትራፓኖ ፑንታ አይበሳውም። «ያኔ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆንብሃል» አሉኝ።

ብሎኑ የተቆረጠው ከአካሉ ጋር እኩል ሆኖ ነው፤ በፒንሳ የሚያዝ ነገር የለውም። ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ጠፍጣፋ ክብ ብረት) አስቀመጡበት። በሮንዴላው ቀዳዳ በኩል ብሎኑን በየዱት፣ ከዚያ ላዩ ላይ ዳዶ (በቁልፍ የሚያዝ የብሎን ማሰሪያ) በየዱ። የሞተሩ አካል አሉሚኒየም ስለሆነ የብረት ብየዳ አይዘውም፤ ብሎኑን ብቻ ነው የሚይዘው። ሙቀቱም ሥራ አለው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይሰፋል፤ ቀዳዳው ብሎኑን ለቀቅ ያደርገዋል። ትንሽ በረድ ሲል ዘይት ጠብ አደረጉና በቁልፍ ወደ ግራ፣ መለስ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ አሉት። የመጀመሪያው ዳዶ ተገንጥሎ ወደቀ። አልተናደዱም፤ ሌላ በየዱ። ሁለተኛው ሲዞር «ጪጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብሎኑ ጥርሱ ላይ ነጭ ዱቄት ይዞ ወጣ፤ አሉሚኒየሙና ብረቱ እርጥበት ውስጥ ሲበላሉ የሚፈጠረው ነው።

የቀዳዳውን ጥርስ አጽድተው ሁለቱንም ብሎኖች ቀየሩልኝ። ያልተሰበረው ብቻውን ጭነቱን ሲሸከም ስለከረመ አይታመንም። አዲሶቹ አናታቸው ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ቁጥር አላቸው። ቁመታቸውን ከድሮው ጋር አስተያይተው ነው የመረጡት። ከረዘመ መጨረሻው ላይ ተገትሮ ሞተሪኖውን ሳያጠብቅ ይቀራል፤ ካጠረ ጥቂት ጥርስ ብቻ ይይዛል። ጥርሱን ግራሶ ቀቡት።

የከፈልኩት 1,500 ብር ነው። አልበዛብኝም።

የማይወደድም ነገር አለ። የማጥበቂያ ኃይልን የሚለካ ቁልፍ የላቸውም፤ በእጅ ልምድ ነው የሚያጠብቁት። አሉሚኒየም ላይ ይህ ያሳስበኛል፤ በጉልበት ከጠበቀ የቀዳዳው ጥርስ ይበላል። ይህን ዕቃ ቢገዙ እኔ ሌላ ቤት አላስብም። ደረሰኝም የለም፣ ስልክም ቶሎ አያነሱም፣ መብራት ከጠፋ ሥራ ይቆማል።

የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ድረሱ፤ ከቀትር በኋላ የጭነት መኪና ሥራ ይበዛባቸዋል። የተቆረጠውን የብሎን አናትም ይዛችሁ ሂዱ፣ አትጣሉት። ልኩን የሚያወጡት ከሱ ነው።