ስለ ታሞክሲፈን፣ ከምትወስደው ሴት

በቀን አንድ ጊዜ፣ 20 ሚሊግራም። ታሞክሲፈን የሚባለው የጡት ካንሰር መድኃኒት ሲውጡት ምንም የሚሠራ አይመስልም። ሕመም አያስታግስም፣ ጉልበት አይሰጥም፣ ይባስ ብሎ ላብ በላብ ያደርጋል። ብዙ ሴቶች መሃል ላይ የሚያቋርጡት ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ግን ሥራው ከገባኝ ወዲህ አንድም ቀን እንዲያልፈኝ አልፈልግም።

ኢስትሮጅን በደም እየዞረ መልእክት የሚያደርስ ሆርሞን ነው። ከ10 የጡት ካንሰሮች 7 ወይም 8 የሚሆኑት ሴሎቻቸው ውስጥ የኢስትሮጅን ተቀባይ አላቸው። ሆርሞኑ መጥቶ እሱ ላይ ሲጣበቅ «ተባዙ» የሚል ትእዛዝ ይደርሳቸዋል። ታሞክሲፈን ያንን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ አጥንት ወይም ሳንባ ውስጥ ሳይታይ የቀረ ሴል ቢኖር እንኳ ትእዛዙ አይደርሰውም። እንዲህ ያሉ ሴሎች ለዓመታት አድፍጠው ሊቆዩ ስለሚችሉ ነው 5 ዓመት፣ ለአንዳንዶቻችን ደግሞ 10 ዓመት የሚታዘዘው።

ሁሉን በር ግን አይዘጋም። ሳንባ፣ ጉበት፣ የአጥንት መቅኔና ንፍፊቶች ሲኤክስሲኤል12 የሚባል ኬሚካል ያመነጫሉ፤ ብዙ የጡት ካንሰር ሴሎች ይህን የሚለይ ተቀባይ ስላላቸው ሽታ እንደያዘ ውሻ ወደዚያው ያመራሉ። አጥንት ከደረሱ ደግሞ በራሳቸው ምልክት አጥንት የሚያፈርሱትን ሴሎች ይቀሰቅሳሉ፣ አጥንቱ ሲፈርስ ውስጡ የተከማቹ የእድገት ኬሚካሎች ይለቀቃሉ፣ ካንሰሩም በእነሱ ይፋፋል። ይሄ ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል። የኢስትሮጅንም ሆነ የፕሮጄስትሮን (የሌላው የሴት ሆርሞን) ተቀባይ ለሌለው ካንሰርማ ታሞክሲፈን ከነጭራሹ አይታዘዝም፤ ስለዚህ የባዮፕሲ (ከዕጢው ተቆርጦ የሚመረመረው ናሙና) ውጤታችሁ ላይ «ኢአር» (የኢስትሮጅን ተቀባይ) የሚለው ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጋቲቭ ብላችሁ ጠይቁ።

ድንገት የሚመጣው ሙቀት ከባድ ነው፣ ሌሊት ያባንናል። ለመድኃኒቱ ከ5 ኮከብ 4 የሰጠሁት ግን ለሱ ብዬ አይደለም። እኔ ጋ የደረሰው ፓኬት ውስጥ ያለው ወረቀት የጎንዮሽ ጉዳቱን በደቃቅ ፊደል አጭቆ፣ መድኃኒቱ ለምን ዓመታት እንደሚወሰድ አንድ መስመር እንኳ አይልም። አንዲት ሴት ተስፋ ቆርጣ ብታቆመው ይፈረድባታል?

ከስንት አንዴ የደም መርጋትና የማህጸን ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። እግር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ካረጣችሁ በኋላ ደም ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ሂዱ። ፓሮክሲቲን ወይም ፍሉኦክሲቲን የሚባሉትን የድባቴ መድኃኒቶች የምትወስዱም ለሐኪሙ ንገሩት፤ ጉበት ታሞክሲፈንን ወደ ጠንካራው መልኩ የሚቀይርበትን ኢንዛይም ያግዳሉ፣ የሚተካቸው አለ።