ማኅተሙ ከሦስተኛ ፎቅ አይወርድም

ዊልቸር ይዛችሁ ጎጃም ልትሄዱ ካሰባችሁ ሆቴሉ አያስጨንቃችሁ። እሱን እንደምንም ትወጡታላችሁ። የሚያስጨንቀው የመንግሥት ቢሮ ጉዳይ ካላችሁ ነው። እኔ ነበረኝ። የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ ሠራተኞቹን ማሳጣት አልፈልግም።

በልጅነቴ በፖሊዮ እግሮቼ ሽባ ሆኑ። ጎጃም በክራንች ተምሬ አደግኩ። አሁን ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ ትከሻዬ ክራንቹን እምቢ ካለ ስለቆየ የምንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ የቤቱ ካርታ አልተዛወረም። ድርሻዬን ለእህቴ መልቀቄን ኃላፊው ፊት ቀርቤ መፈረም ነበረብኝ። ጉዳዩ ይኸው ነው፤ አንድ ፊርማ።

እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን መጣሁ። የአየር ማረፊያው ልጆች አያያዝ ግሩም ነበር። ከዚያ ወዲያ ስላለው መንገድ የምታውቁትን አልደግምላችሁም።

ሆቴሉን ላመስግን። በስልክ «ምድር ላይ ክፍል አለን» ብለውኝ ስደርስ በሩ ላይ ደረጃ አለ። ባለቤቷ ከንፈሯን አልመጠጠችም። ስልኳን አውጥታ በያጅ ጠራች። በነጋታው ቁርሴን ሳልጨርስ ከላሜራ የተበየደ መወጣጫ ተዘርግቶ ጠበቀኝ። ሲወጡበት ይንቋቋል፣ ግን ይሠራል። ልክፈል ብላት «ሌላም እንግዳ ይመጣል» ብላ እምቢ አለች። የመታጠቢያ ቤቱ በር ጠባብ ነው፤ እሱን ቻልኩት።

ባጃጆቹ ደግሞ ሁለት ሒሳብ ይጠይቃሉ፤ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለዊልቸሩ። «ዕቃ ነው እኮ ጋሼ!» ይሉኛል። አሜሪካ ታክሲ ለዊልቸር ብሎ ጭማሪ ማስከፈል አይችልም፣ ሕግ ይከለክለዋል። እግሬን እንደ ሻንጣ ሲቆጥሩት ተናደድኩ፣ ከዚያ ሳቅኩ፣ ከዚያ ከፈልኩ።

ወደ መዘጋጃ ቤቱ እንምጣ። ሕንፃው ራምፕ አለው። ከዓባይ በረሃ ቁልቁለት ቆርጠው ያመጡት ይመስላል እንጂ አለው። አሜሪካ ልኩ አንድ ሜትር ከፍታ ለመውጣት አሥራ ሁለት ሜትር መንገድ ነው። ይኼኛው ቁመቱና ርዝመቱ እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። ለዚያውም የጥበቃው ሞተር ሳይክል ቆሞበታል። ጥበቃው ጨዋ ሰው ነው፤ ሞተሩን አንስቶ፣ ጎረምሶች ጠርቶ እየገፉ አስገቡኝ። የሚያስፈርመኝ ኃላፊ ግን ሦስተኛ ፎቅ ነው። ለሊፍት የተተወ ቦታ አለ። አሮጌ ወንበር ተከምሮበታል።

«ወይ እሳቸው ይውረዱልኝ፣ ወይ ፋይሉን ሰው ያውርድልኝ» አልኩ። መረጃ ላይ የተቀመጠችው ልጅ «ማመልከቻ ያስገቡ» አለችኝ። እሺ። ደረጃ መውጣት እንደማልችል፣ ምድር ላይ እንድስተናገድ እንደምጠይቅ ጻፍኩ። ማመልከቻ የሚቀበለው መዝገብ ቤት የት ነው? ሁለተኛ ፎቅ! እህቴ ይዛው ወጣች። «አመልካቹ ራሱ ይምጣ» ብለው መለሷት።

«ታዲያ ለምን ውክልና አይሰጧትም?» የሚል ብልሃት መጣ። ውክልና የሚሰጥበት ቢሮ ሄድን። እሱም ፎቅ ላይ ነው። ሰጪው ደግሞ በአካል መቅረብ አለበት።

ጎረምሶቹ «እንሸከምዎት» አሉ። ከልባቸው ነው። ይህን የሚያነብ ሰው «ታዲያ ምናለበት?» ይል ይሆናል። ተማሪ ሳለሁ ፎቅ የምወጣው እንደዚያ ስለነበር አውቀዋለሁ። ሁለቱ ብብትህን፣ ሁለቱ ጉልበትህን ይይዛሉ። ሸሚዝህ ወደ ላይ ይሰበሰብና ሆድህ ይወጣል። ደረጃው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ግድግዳ ተጠግቶ ያሳልፍሃል። አንዱ እግሩ ቢያዳልጠው አብራችሁ ነው የምትወርዱት። በዚህ ዕድሜዬ ለአንድ ፊርማ ብዬ አልሸከምም አልኩ። አንዳንዱ ኩራት መሰለው።

በር ላይ ስጠብቅ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ጉልበቴ ላይ አሥር ብር አኖሩልኝ። «እንካ ልጄ፣ እግዜር ይማርህ።» መመለስ ነውር ነው፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀበልኩ። ሜሪላንድ እንዲህ የሚያደርግብኝ ሰው የለም። እውነቱን ለመናገር፣ እዚያ «ቤተሰብ ደህና ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝም የለም። ቀጥሎ የመጣው ጉዳይ ገዳዩ ነው። «ሦስት ሺህ ብር ይበቃል ጋሼ፣ ዛሬውኑ ያልቃል።» ኃላፊው ደረጃ ለሚወርድበት ሦስት ሺህ ብር!

ኃላፊውን በመጨረሻ በስልክ አገኘሁት። ክፉ ሰው አይደለም። «እኔ እወርዳለሁ። ማኅተሙ ግን ከቢሮ አይወጣም፣ መመሪያ ነው» አለኝ። መመሪያውን ላየው እችል እንደሆነ ስጠይቅ ስብሰባ ገባ።

አሜሪካ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው የከተማ አስተዳደር የአካል ጉዳተኞችን ጉዳይ የሚከታተል ሰው በስም መመደብ፣ የቅሬታ ሥርዓትም ማዘጋጀት አለበት። በእነሱ አቆጣጠር በ1990 የወጣ ሕግ ነው። አሮጌ ሕንፃ ሁሉ ሊፍት ይግጠም አይልም። አገልግሎቱን ግን አድርሱ ይላል፤ ስብሰባ ከሆነ ወደ ምድር ይውረድ፣ ሠራተኛ ከሆነ ይውረድና ያስተናግድ። አንዴ ለግብር ጉዳይ ስልክ ብደውል «ምን እንድናመቻችልዎት ይፈልጋሉ?» ነበር ጥያቄያቸው። ማመልከቻ አልጠየቁኝም። እዚያም መልስ የሚጓተትበት፣ ሊፍት ተበላሽቶ የሚከርምበት አለ። ግን ማን ላይ እንደምጮኽ አውቃለሁ።

እኛስ ሕግ አጥተናል? በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 ላይ፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙም፣ መራመድ እየቻሉ ደረጃ ለሚከብዳቸውም የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው አዟል። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች ስምምነት በ2002 አጽድቀናል። አዋጁን ከስልኬ ላይ ለመረጃዋ ልጅ አሳየኋት። በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። «ይኼ እኛንም ይመለከታል?» አለችኝ። ስታሾፍ አልነበረም።

በመጨረሻ እንዴት አለቀ መሰላችሁ? ከመዝገብ ቤት አንዲት ሴትዮ ለምሳ ስትወርድ አየችኝ። ስሜን ጠየቀች። «የመምህር ልጅ ነህ እንዴ? አባትህ እኮ አስተምረውኛል!» ከምሳ በኋላ ፋይሉ ወረደ። ኃላፊው ወረደ። ማኅተሙም ከነቀለሙ በፌስታል ተጠቅልሎ ወረደ። በጥበቃው ጠረጴዛ ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆው ጎን ፈረምኩ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ከነከነኝ። አባቱ መምህር ያልነበረው ምን ይሁን?

ለምትሄዱ፦ ማመልከቻችሁን በሁለት ቅጂ ጻፉ፣ በአንደኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቱ። በቃል የተባለ ነገር በማግሥቱ የለም። ለጉዳይ ገዳይ አትክፈሉ። ካቃታችሁ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፣ አቤቱታ ለማቅረብ አይከፈልም።

ከመመለሴ በፊት ሌላ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ሊፍት አልጠየቅኩም። በሳምንት አንድ ቀን ምድር ላይ አንድ ጠረጴዛ ይቀመጥ፣ ፋይልና ማኅተም ይዞ የሚወርድ ሰው ይመደብ ነው ያልኩት። እህቴ እየሄደች ትጠይቃለች። እስካሁን የሰጧት መልስ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ነው።