ኦነርስ ወይስ ማስተርስ? ስለ አንድ የደብረ ብርሃን የውጭ ትምህርት አማካሪ ቢሮ

ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቻለሁ። ከሁለቱ አንዱ ለማሞቂያው ነው።

የቢሮውን ስም አልጽፍም፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ነው፣ ነገ ታክሲ ላይ እንገናኛለን። ሥራቸው ውጭ አገር መማር ለሚፈልግ ሰው ዩኒቨርሲቲ መፈለግና ማመልከቻ መሙላት ነው። የሄድኩት ኅዳር ላይ ነበር። የኅዳርን ብርድ የኛ ከተማ ሰው ያውቀዋል። በሩን ስከፍት የማሞቂያው ሙቀት ተቀበለኝ። ወዲያው ሻይ መጣ። ጋቢዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት ምንም ቢሸጡልኝ እገዛ ነበር።

የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። በ2013 ዓ.ም. በማዕረግ ተመረቅኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሆስፒታል ውስጥ አክታ፣ ደምና ሰገራ ስመረምር ነው የኖርኩት። አሁን በባዮሜዲካል ሳይንስ ምርምር መማር ፈልጌያለሁ። ወደ ቢሮው ይዤ የሄድኩት ጥያቄ አንድ ነበር፤ አውስትራሊያ ውስጥ ኦነርስ የሚሉት ይሻለኛል ወይስ በምርምር የሚሰጠው ማስተርስ?

አማካሪው ወጣት ነው። ትራንስክሪፕቴን አየና ፈገግ አለ።

«እህቴ፣ አንቺማ የኦነርስ ሰው ነሽ። ኦነርስ ማለት በማዕረግ ማለት ነው። ማስተርስ ማንም ይማራል። ደግሞ አንድ ዓመት ነው፣ ቶሎ ትገላገያለሽ።»

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። 5,000 ብር መመዝገቢያ እዚያው ከፈልኩ። ማታ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ላለችው እናቴ ደወልኩና ውጭ አገር በማዕረግ ልማር ነው አልኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«ማዕረጉንማ ይዘሽው የለም እንዴ ልጄ? ደግሞ ልትገዢው ነው?»

ስቄ አለፍኩት። አሁን ሳስበው ቢሮ ውስጥ ካሳለፍኩት አንድ ሰዓት ይልቅ ይቺ ጥያቄ ትበልጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት ነው። ኦነርስ በዚያ ላይ የሚቀጠል አራተኛ ዓመት ነው። አንድ የምርምር ፕሮጀክት፣ ጥቂት ኮርስ፣ መጨረሻ ላይ ቴሲስ አለው። በአገሪቱ የትምህርት ደረጃ ማዕቀፍ 8ኛ ላይ ይቀመጣል፤ ማስተርስ 9ኛ ላይ። በምርምር የሚሰጠው ማስተርስ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ምርምር ነው። ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ ኦነርስ ራሱን የቻለ የአንድ ዓመት ዲግሪ ነው፣ ወደ ማስተርስ መግቢያ። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ያው የመጀመሪያ ዲግሪው ራሱ ኦነርስ ይባላል። የኔ አማካሪ ይህን ሁሉ ጠቅልሎ «ማዕረግ» አለኝ።

ኦነርስ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ሦስት ዓመት ተምሮ ለጨረሰ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ መዋል ይስማማው አይስማማው ለማያውቅ ልጅ ጥሩ መሞከሪያ ነው። አንድ ዓመት አይቶ «ይሄ የኔ አይደለም» ብሎ መውጣት ይችላል። ውጤቱ ፈርስት ክላስ ከሆነለትም ማስተርስን ዘሎ ፒኤችዲ ለመግባት መወዳደር ይችላል። እኔ ግን አራት ዓመት ተምሬ፣ ቴሲሴን ጽፌ፣ ዓመታት ሠርቼ የመጣሁ ሰው ነኝ። ላቦራቶሪ ይስማማኝ እንደሆነ መሞከር አያስፈልገኝም።

የገንዘቡንም ነገር አልነገረኝም። የአውስትራሊያ መንግሥት በዩኒቨርሲቲዎች በኩል ለምርምር ተማሪዎች የሚሰጠው ስኮላርሺፕ አለ፣ አርቲፒ ይሉታል። የምርምር ማስተርስና ፒኤችዲ ተማሪ ይወዳደርበታል፣ የውጭ ዜጋም ጭምር። ፉክክሩ ከባድ ነው። ኦነርስ ግን ከነጭራሹ አይገባበትም። እናቴ ደግሞ በጎቿን ልትሸጥልኝ ተነስታ ነበር። የመንዝ በግ ስንት መንጋ ቢሸጥ ነው የአንድ ዓመት ክፍያ የሚሞላው?

ዓይኔን የገለጡልኝ የላቦራቶሪ ኃላፊያችን ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳጎነበሱ ጠየቁኝ።

«ምኑን ልታጠኚ ነው?»

«መድኃኒት የተለማመደ ቲቢ።»

ቀና አሉ። «በአንድ ዓመት?»

አማካሪው ስለምን እንደማጠና አንዴም አልጠየቀኝም። ለኛ ሙያ ግን ትልቁ ነገር እሱ ነው። ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ከተመቸው በ20 ደቂቃ ለሁለት ይከፈላል። የቲቢ ባክቴሪያ አንዴ ለመከፈል 20 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። የቲቢን ዘረመል አክታ ውስጥ የሚፈልገው ጂንኤክስፐርት ማሽን በሁለት ሰዓት አካባቢ ውጤት ይሰጣል፣ ይሄንን በየቀኑ የምሠራው ነው። ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አብቅሎ ማየት፣ ሲሆን ግን ሌላ ነው። በእንቁላል በሚዘጋጀው የሎውንስታይን ጄንሰን ማብቀያ ላይ ባክቴሪያው እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል። ምንም አልበቀለም ለማለትም ስምንት ሳምንት ይጠበቃል። የኦነርስ ዓመት በተግባር ከዘጠኝ እስከ አሥር ወር ነው። ከዚያ ላይ ፕሮፖዛሉን፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱን፣ የላቦራቶሪ ደህንነት ሥልጠናውን፣ የቴሲስ መጻፊያውን ቀንሱ። ካልቸሩ አንዴ በሌላ ተህዋስ ቢበከል ሁለት ወር ሄደ ማለት ነው።

«እርሾ የምታጠኚ ቢሆን እሺ፣ ሊጥ እስኪቦካ ታልቂ ነበር» አሉኝ ጋሼ። ከዚያ ራሳቸው ሳቁ።

አዲስ አበባንም እንዳልረሳ ነገሩኝ። አለርት ሆስፒታል ጎን ያለው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም በ1962 ዓ.ም. ሥጋ ደዌን ለማጥናት የተቋቋመ፣ በኋላም ቲቢን ሲያጠና የኖረ ነው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። ይሄንንም ያዝኩት።

ወደ ቢሮው ተመለስኩ። ማሞቂያው አሁንም ይሞቃል። የምርምር ማስተርስ ለምን አላሳየኸኝም አልኩት።

«እሱ ምርምርሽን የሚመራ ሱፐርቫይዘር ፈልጎ ማግኘት ይጠይቃል። እኛ እሱ ላይ አንሠራም።»

ኦነርስም እኮ ሱፐርቫይዘር ይፈልጋል! ለማንኛውም ይህን መጀመሪያ ቢነግረኝ ሻዬን ጠጥቼ፣ አመስግኜ በሰላም እሄድ ነበር። ብሩን ስጠይቀው ደረሰኙን ገልብጦ አሳየኝ። ከጀርባው በደቃቅ ጽሑፍ «መመዝገቢያ አይመለስም» ይላል።

ሁለተኛው ኮከብስ? እሱ የሚገባቸው ነው። ወረቀት ላይ ጎበዞች ናቸው። የአባቴ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ዲግሪዬ ላይና ፓስፖርቴ ላይ በአንድ ፊደል እንደሚለያይ ያገኘችው እዚያ ያለች ልጅ ናት። እኔ ለዓመታት ሳላየው የኖርኩት ነው። ኮስት ሼሪንጌን አስቀድሜ እንድጨርስ፣ ሰነዶቼን በየትኛው ቅደም ተከተል እንደማስረጋግጥም በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ምን እንደምትማሩ ወስናችሁ ለወረቀቱ ብቻ ከሆነ የምትሄዱት፣ ሂዱ። ከመክፈላችሁ በፊት ደረሰኙን ገልብጡት።

እኔ ለአራት ተመራማሪዎች ራሴ ጻፍኩ። ሁለቱ መልስ አልሰጡም። አንዷ ገንዘብ የለኝም አለች። አራተኛው ሰላምታ እንኳ ሳያበዛ ጥያቄ ላከ፤ ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት አክታ በጂንኤክስፐርት መረመራችሁ፣ ከዚያስ ስንቱ ሪፋምፒሲንን፣ ዋናውን የቲቢ መድኃኒት፣ ተለማምዶ ተገኘ?

ጋሼ ፈቅደውልኝ ማታ ማታ መዝገብ እየቆጠርኩ ነው። ላቦራቶሪያችን ማሞቂያ የለውም፣ ጋቢ ደርቤ ነው የምቀመጠው። ከሦስቱ ዓመት መዝገብ የመጀመሪያውን ቆጥሬ ጨርሻለሁ።